ስም የማን ገንዘብ ነው?

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ይዞት የሚመጣ ሀብት የለም፤ ርስት ከመውረሱ፥ ጥሪት ከማፍራቱ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይሰጠዋል፤ እርሱም ስም ነው። ሲሞትም ሀብቱን ወራሽ፥ ልብሱን ድኻ፥ ሥጋውን መሬት ይወስደዋል፤ ስሙ ግን ከኋላ ይቀራል። አባቶቻችን «መልካም ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ማለታቸው ስለዚህ ነው። ይህን ምሳሌ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምረን ስንሰማው ስለ ኖርን ቆም ብለን መርምረነው አናውቅም። ብንመረምረው ግን አንድ የሚያስቸግር ጥያቄ ይወጣዋል። ከመቃብር በላይ የሚውለው ስም የማን ገንዘብ ነው? የሟቹ ነው እንዳንል ሟቹ ሲጠሩት አይሰማም፤ የጠሪዎቹ ነው እንዳንል ጠሪዎቹ አልደከሙበትም። እንግዲህ ለሞተ ሰው መታሰቢያ ብሎ ስም የሚሰጥ ሰው ለማን ምን ሰጠ ይባላል?

ይህ ጥያቄ የመጣብን ከቅርብ ነገር ሳይሆን ከሰማይ ነው። በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን የሚዞሩ እጅግ ብዙ የድንጋይ አካላት አሉ። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት አስትሮይድ ይሏቸዋል፤ ስፍራቸውም ፀሐይን እንደ መታጠቂያ የከበበ ስለ ሆነ የአስትሮይድ መቀነት ልንለው እንችላለን። ከእነዚህ አንዱ፥ በመቀነቱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የሚገኘው፥ በተራ ቁጥሩ 2001 ሲባል በስሙ አይንስታይን ይባላል። ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ያን ያህሉን መንገድ በምድር ላይ አንድ ጎልማሳ ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ በእግሩ ያቋርጠዋል። ከፀሐይ በአማካይ ወደ 290 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ይዞራል፤ አንዱንም ዙር ለመጨረስ 2 ዓመት ከ8 ወር ግድም ይፈጅበታል። ያለ መሣሪያ በዓይን አይታይም፤ ነፋስ አይነፍስበትም፤ ሣር አይበቅልበትም። የራሱ የሆነ ብርሃን የለውም፤ የሚታየው ከፀሐይ ተቀብሎ በሚመልሰው ብርሃን ነው።

ድንጋዩን ያገኘው ፓውል ቪልድ የተባለ የስዊስ ተወላጅ ሲሆን ዘመኑም 1973 ዓ.ም.፥ ቀኑም መጋቢት በገባ በ5ኛው ቀን ነው፤ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ቪልድ ይሠራ የነበረው ከስዊስ መንግሥት መቀመጫ ከበርን ከተማ በስተ ደቡብ፥ በዚመርቫልድ በሚገኘው የከዋክብት መመልከቻ ነው። የሥራው ጠባይ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። መነጽሩ የከዋክብትን ጉዞ እየተከተለ ሰማዩን ፎቶግራፍ ሲያነሣ፥ ከዋክብቱ በፎቶግራፉ ላይ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ፤ ከቦታው የሚንቀሳቀስ አካል ግን አጭር ጭረት ይተዋል። ያችን ጭረት ያገኘ ሰው ሥራው ገና መጀመሩ ነው፤ መንገዱ በየጊዜው ታይቶና ተሰልቶ በትክክል ሲታወቅ ብቻ ቋሚ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። ስም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንለምናለን። ለስሌት የሚያስፈልገው ቁጥሩ ነው። ድንጋዩ 2001 ተብሎ ከተመዘገበ መንገዱን ለመተንበይ ሌላ መጠሪያ አያሻም። ዛሬ ቁጥር የተሰጣቸው አስትሮይዶች በብዙ መቶ ሺህ ሲቈጠሩ፥ ስም ያገኙት ከእነርሱ ጥቂቶቹ ናቸው፤ ስም የሌላቸውም በስማቸው መጓደል ምክንያት ከመንገዳቸው አልወጡም። ስለዚህ ስሙ ለድንጋዩ አይደለም። ለሞተውም ሰው አይደለም። ለእኛ ለሕያዋን ነው። ለእኛ ከሆነ ደግሞ ስም መስጠት እንደ ማንኛውም የሰው ሥራ ሁሉ መልካምና ክፉ ሊሆን የሚችል፥ በሕሊና ፊት የሚያስጠይቅ ሥራ ነው ማለት ነው።

ክፉ ሊሆን እንደሚችል የሰማይ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በ1610 ዓ.ም. ጋሊሌዮ የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ባገኘ ጊዜ «የሜዲቺ ከዋክብት» ብሎ ሰየማቸው፤ ሜዲቺዎች የቶስካና ገዢዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት ጋሊሌዮ የታላቁ መስፍን የሒሳብና የፍልስፍና ሊቅ ተብሎ ተሾመ። በ1781 ዓ.ም. ዊልያም ሄርሸል እኛ ዛሬ ዩራነስ የምንለውን ፕላኔት አግኝቶ በእንግሊዙ ንጉሥ በጆርጅ ሣልሳዊ ስም ጠራው፤ በማግሥቱ ዓመት ንጉሡ 200 ፓውንድ የዓመት ደመወዝ ቈረጠለት። እንደዚሁም በ1801 ዓ.ም. በጥር መባቻ ጁዜፔ ፒያዚ በፓሌርሞ የመጀመሪያውን አስትሮይድ ባገኘ ጊዜ ሴሬስ በሚለው ስም ላይ የንጉሡን የፈርዲናንድን ስም ጨመረበት።

ከእነዚህ ከሦስቱ ስሞች ዛሬ በሰው አፍ ላይ የቀረ የለም። ሴሬስ ሴሬስ ብቻ ሆነ። የጆርጅን ስም እንግሊዞች እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግድም በመዝገባቸው ሲጠቀሙበት ቈይተው በመጨረሻ እነርሱም ተዉት። የሜዲቺ ከዋክብት የተባሉትንም ዓለም የሚጠራቸው «የጋሊሌዮ ጨረቃዎች» እያለ ነው። ከዚህም የሚያስገርመው፥ ሺኛው አስትሮይድ ፒያዚያ፥ 2000ኛውም ሄርሸል መባላቸው ነው። የነገሥታቱ ስም ከተጻፈበት ወረደ፤ ስሙን ጽፈው የነበሩት ሠራተኞች ስም ግን ወጣ። በተራ ቁጥርም የሄርሸል ጎረቤት ሆኖ የሚከተለው 2001ኛው፥ የእኛ አይንስታይን ነው።

ይህን ስናነብ ሰማይ ፈርዶ ሐሰተኛውን ስም አራገፈ ልንል ይቃጣናል። እንዲህ ማለት ግን ራስን መደለል ነው። ሰማይ አይፈርድም። የነገሥታቱ ስም የወደቀው የሌላ አገር ሊቃውንት የሌላውን አገር ንጉሥ ስም መጥራት ስላልወደዱ ነው፤ ይህም ከፍትሕ ይልቅ ወደ ቅናት የቀረበ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚህ የምንማረው አለ። ስም የሚጸናው ሰጪው ምንም ዋጋ በማይጠብቅበት፥ ጠሪውም ምንም ቅጣት በማይፈራበት ስፍራ ነው። በጥቅም የተሰጠ ስም ጥቅሙ ካለበት አጥር አይወጣም፤ በፍርሃት የሚጠራ ስምም ፍርሃቱ ሲለቅ አብሮ ይለቃል። ለዚህም ይመስለናል የዓለም የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ማኅበር ሕግ ያበጀው። ያገኘው ሰው ስም የማቅረብ መብት ለ10 ዓመት ይጠበቅለታል፤ ስሙ ከ16 ፊደል አይበልጥም፤ በፖለቲካ ወይም በጦር ሥራ የታወቀ ሰው ስም ግን ሰውየው ከሞተ 100 ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም። መቶ ዓመት ማለት ወዳጁም፥ ጠላቱም፥ ባለ ዕዳውም አልፈው የሚያልቁበት ዘመን ነው። ከዚህም ሌላ አግኚው በራሱ ስም አይሰይምም። ቪልድ ራሱ ስሙን በ1941ኛው አስትሮይድ ላይ ያገኘው በሌላ ሰው እጅ የተገኘ ድንጋይ በእርሱ ስም ስለ ተጠራ ነው።

አሁን ወደ ባለ ስሙ እንመለስ። አልበርት አይንስታይን በ1879 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኡልም ተወልዶ በ1955 ዓ.ም. ሚያዝያ በገባ በ18ኛው ቀን በአሜሪካ በፕሪንስተን ሞተ። ስለ ፊዚክስ ትምህርቱ ልንጽፍ አንደፍርም፤ ትምህርታችን ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ ሰው ስለ ሆንን አዋቂ መስሎ መታየት ይቅርብን። ስለ ጠባዩ ግን ለማንም ግልጽ የሆነ ነገር አለ። ይህ ሰው መታሰቢያን የሚሸሽ ሰው ነበር። በሞተበት ቀን ሥጋው ተቃጥሎ ዐመዱ ለሕዝብ ባልተገለጸ ስፍራ ተበተነ፤ ቤቱም የጕብኝት ቤተ መዘክር እንዳይሆን ፈቃዱ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የእስራኤል ፕሬዚዳንት እንዲሆን ቢጠየቅ አልቀበልም አለ። እንግዲህ መቃብር እንኳ እንዳይኖረው ለፈለገ ሰው፥ ከሞተ ከ18 ዓመት በኋላ የተገኘን ተራራ የሚያህል ድንጋይ መታሰቢያ ማድረግ ማክበር ነው ወይስ ፈቃዱን መጣስ?

ጥያቄው ቀልድ የሚመስለው ካለ ሌላውን ስም ይስማ። በ1952 ዓ.ም. ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ቀን አሜሪካኖች በፓስፊክ ውቅያኖስ የመጀመሪያውን የሃይድሮጂን ቦምብ ፈነዱ። ከፍንዳታው ፍርስራሽ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ንጥረ ነገር ተገኘ፤ ቁጥሩ 99 ነው፤ ስሙም አይንስታይኒየም ተባለ። አይንስታይን ግን ቦምቡ ከመፈንዳቱ ከሁለት ዓመት በፊት፥ በ1950 ዓ.ም. የካቲት፥ በቴሌቪዥን ቀርቦ የዚህ መሣሪያ ሥራ የሰውን ዘር ወደ ጥፋት የሚወስድ መሆኑን ለሕዝብ አስጠንቅቆ ነበር፤ ሊሞት አንድ ሳምንት ሲቀረውም የፈረመው ጽሑፍ የጦርነትንና የዚህን መሣሪያ አደጋ የሚመለከት ነው። ስያሜውን ያወጡት ሊቃውንት ሊያከብሩት እንጂ ሊዘብቱበት አላሰቡም። ነገር ግን የተቃወመው እሳት ዐመድ በስሙ ተጠራ። ስም ራሱን መከላከል አይችልም፤ «በዚህ ላይ አትጻፉኝ» ብሎ የሚጮኽ አፍ የለውም።

ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ስናስተያይ መልሱ ቀስ እያለ ይገለጥልናል። የሞተ ሰው ስም በሕያዋን እጅ የተቀመጠ ዐደራ ነው እንጂ ገንዘባቸው አይደለም። ዐደራ የተቀበለ ሰው እንደ ወደደ አያደርገውም፤ ከባለቤቱ ሥራና ጠባይ ጋር ሊስማማ በሚችል ስፍራ ያኖረዋል። ሊቃውንቱ «ስም ይመርሖ ኀበ ግብሩ» ይላሉ፤ ስም ወደ ግብሩ ይመራዋል ማለት ነው። ስሙን የሰማ ሰው ወደ ባለ ስሙ እውነተኛ ሥራ የሚመራ ከሆነ ስያሜው መልካም ነው፤ ወደ ሌላ የሚመራ ከሆነ ግን ዐደራው ተበልቷል።

የዚመርቫልድ ድንጋይ ወዴት ይመራናል? እኛን የመራን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። አይንስታይን በ1900 ዓ.ም. በዙሪክ ትምህርቱን ሲፈጽም የመምህርነት ቦታ ፈልጎ አጣ። በኋላ በአንድ የትምህርት ጓደኛው አባት አማላጅነት፥ በ1902 ዓ.ም. በበርን ከተማ በፈጠራ ሥራ መብት መሥሪያ ቤት የሦስተኛ ደረጃ የቴክኒክ ባለሙያ ሆኖ ተቀጠረ፤ ደመወዙም በዓመት 3500 የስዊስ ፍራንክ ነበር። ሥራው ሰዎች «አዲስ ነገር ሠራን» ብለው የሚያቀርቡትን ማመልከቻ መርምሮ አዲስ መሆኑን ወይም አለመሆኑን መለየት ነው። በዚያው ወንበር ላይ ሳለ፥ በ1905 ዓ.ም.፥ የዓለምን የፊዚክስ ትምህርት የለወጡትን ጽሑፎች አወጣ። ሁለተኛ ደረጃ የደረሰው በማግሥቱ ዓመት ነው፤ መሥሪያ ቤቱን የለቀቀውም በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ከበርን አጠገብ የተገኘ ድንጋይ በበርን የመንግሥት ሠራተኛ በነበረ ሰው ስም መጠራቱ እኛን ፋይል ስናገላብጥ የምንውለውን ሰዎች በይበልጥ ይመለከተናል።

ከእነዚያ ከ1905 ዓ.ም. ጽሑፎች አንዱ ስለ ሪላቲቪቲ የጻፈው ነው። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የሌላ መጽሐፍ ማስረጃ አልተደረደረም፤ መጨረሻው ላይ ግን የአንድ ሰው ስም በምስጋና ተጠቅሷል። ይኸውም ሚኬሌ ቤሶ ነው። ቤሶ በዚያው መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወዳጁ ነበር፤ የተለየ ግኝት አድርጎ ዝና ያተረፈ ሊቅ አልነበረም። የሰው ሐሳብ እየሰማ፥ እየጠየቀ፥ እየተከራከረ ያግዝ ነበር። አይንስታይን በዚያ ጊዜ እርሱም ቢሆን ዓለም የማያውቀው ጸሓፊ ነበር፤ የቤሶን ስም ቢተወው ኖሮ የሚከሰው ዳኛ፥ የሚታዘበው አንባቢ አልነበረም። እርሱ ግን ጻፈው። ለእኛ ከድንጋዩ መታሰቢያ ይልቅ ይህች አንዲት መሥመር ትበልጥብናለች።

የምትበልጥበትንም ምክንያት ሳንደብቅ እንናገራለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለን አንድ ዘገባ እንድናዘጋጅ ታዘዝን። ቁጥሩን ከየመዝገቡ እየለቀመ፥ የማይገጥመውን እያስተያየ፥ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያመሸው በመዝገብ ቤት የነበሩ አንድ በዕድሜ የገፉ ሠራተኛ ናቸው። እኛ የሠራነው ቃሉን ማሳመርና ገጹን ማስተካከል ነው። ዘገባው በስማችን ቀረበ፤ በስብሰባ ላይ ተመሰገንን፤ እርሳቸውም በዚያው አዳራሽ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ዝም አልን። የሐሰት ቃል አልተናገርንም፤ እውነቱን ብቻ ዋጥነው። እርሳቸውም አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አላነሡብንም። ጡረታ በወጡበት ቀን ቁጥሩን የለቀሙበትን ደብተር ከመሳቢያቸው አውጥተው «እንካ ልጄ፥ ለሚመጣው ዓመት ይረዳሃል» ብለው ሰጡን። ደብተሩ ዛሬም በእጃችን ነው፤ በላዩ ላይ የማንም ስም አልተጻፈበትም።

ምናልባት «ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ዘገባ የመሥሪያ ቤት ሥራ ነው እንጂ የአንድ ሰው አይደለም» የሚለን ይኖራል። በከፊል እውነት ነው። የመንግሥት ሥራ ብዙ እጆች የሚያልፉበት ስለ ሆነ በየደብዳቤው ላይ የሁሉን ስም መዘርዘር አይቻልም፤ ፊርማም ከክብር ይልቅ የኀላፊነት ምልክት ነው፤ የፈረመ ሰው ስሕተት ቢገኝ ይጠየቅበታልና። ስም የማይጠቀስበትን ሥራ በትጋት መሥራትም ራሱ ታላቅ ምግባር ነው። ነገር ግን ስም ሳይፈልጉ መሥራት የሠራተኛው ምግባር ነው እንጂ የሌላው ፈቃድ አይደለም። እርሳቸው ምስጋና አለመፈለጋቸው ለእኛ ምስጋናቸውን የመውሰድ መብት አይሰጠንም። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ነው ብለን ብናምን ኖሮ ያን ቀን ምስጋናውን ለመሥሪያ ቤቱ በመለስነው ነበር፤ እኛ ግን ለራሳችን አስቀረነው።

እንግዲህ ስም የማን ገንዘብ ነው? የተረዳነው ይህን ነው። ሰው በሕይወት ሳለ ስሙ የሥራው ደመወዝ ከፊል ነው፤ የከለከለው ሰው ደመወዝ እንደ ከለከለ ይቈጠራል። ከሞተ በኋላ ግን ስሙ ዐደራ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ሟችን «እንዲህ ብንጠራህ ትወዳለህን?» ብለን ልንጠይቀው አንችልም፤ ስለዚህ ለእርሱ የምናደርገው መታሰቢያ ሁሉ፥ በቅን ልብ ቢሆን እንኳ፥ በግምት ነው። ሕያውን ግን መጠየቅ ይቻላል። የምናስበው ሐውልት፥ የምንሰይመው አደባባይ፥ የምንጠራው ድንጋይ ሁሉ ብዙ ጊዜ የዘገየ ዕዳ ነው፤ በጊዜው ቢከፈል ኖሮ አንዲት መሥመር ትበቃው ነበር።

መምህራን ተማሪዎቻቸውን የአይንስታይንን ስም ሲያስጠኑ የቤሶንም ስም ቢነግሯቸው መልካም ነው። ተማሪዎችም ከጓደኛቸው ደብተር የተማሩትን ከጓደኛቸው መማራቸውን መናገር የዕውቀት ጕድለት አለመሆኑን ይወቁ። አለቆች የሆኑ ደግሞ ዘገባ ሲቀርብላቸው «ማን ማን ደከመበት?» ብለው ቢጠይቁ ከመንግሥት ሣጥን አንድ ሳንቲም አያወጡም።

እኛም ይህን ጽሑፍ ከመጀመራችን በፊት በዚያ አሮጌ ፋይል ውስጥ ቁጥሩን ያዘጋጁት ማን እንደ ነበሩ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽፈን አያይዘናል። ስማቸውን በዚህ መጽሔት ላይ ያላወጣነው ረስተን አይደለም፤ ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅን ነው። ቤታቸው ሩቅ አይደለም። በሚመጣው እሑድ ደብተሩን ይዘን እንሄዳለን።